በሕይወት ሳለች የተለቀሰላት ልጅ

የጀመረው ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የመቱ ገበያ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት። ሰዓቱን የማስታውሰው አባቴ ከቀረጥ ቤቱ ምሳውን ሊበላ ገብቶ እጁን አስታጥበው ስለነበር ነው። በዚያው መሐል በራችን ላይ አንዲት በቅሎ ቆመች፤ ፀሐይ ፊቱን የላጠው አንድ ፈረንጅም ወረደ።

ጎሬ የተቀመጠው ሐኪም ነበር። በደሌ ደርሶ ሲመለስ፣ መቱ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነግረውት መጣ። ያ ሰው እኔ ነኝ። በልጅነቴ አንድ የቡና ነጋዴ ልጁን ባሕር ማዶ ለትምህርት ሲልክ፣ ብቸኝነት እንዳይሰማት ብሎ ያኔ ጸሐፊው የነበረውን የአባቴን ልጅ፣ እኔን፣ አብሮ ላከ። በጋምቤላ በመርከብ ወርደን፣ ካርቱምን አልፈን ቤይሩት ገባን። እሷ አገሯ ናፍቋት ቶሎ ተመለሰች፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ እዚያው ቀረሁ። ያን ቅዳሜ ከተመለስኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። አራት ቋንቋ አውቅ ነበር፤ ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ግን በአንዱም መናገር አልችልም። የመቱ ሰዎች «የጸሐፊው ልጅ ምላሷን ባሕር ማዶ ረስታው መጣች» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ፣ ስሄድም አልነበረኝም።

ሐኪሙ የፈለገው ማር ነበር። ለስንቅ የሚሆን ጥሩ ማር አስገዢኝ አለኝና ነጠላዬን አንገቴ ድረስ ጠቅልዬ አብሬው ገበያ ወረድኩ። ማር ተራ ውስጥ አንድ ማር ቆራጭ ከሚስቱና ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር ተቀምጧል። ከመቱ በስተምሥራቅ፣ በያዮ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሚያስኬድ ሰፈር የመጡ ናቸው። ልጅቷ የማሩን ቅል በግራ እጇ ይዛ፣ ክዳኑን በጥርሷ ከፈተችልን። ቀኝ እጇ አይታይም። ሐኪሙ ዝቅ ብሎ ነጠላዋን ገለጥ ሲያደርግ አየሁት፤ እጇ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ከደረቷ ጋር ተጣብቋል። ቆዳው አንድ ሆኗል።

እናቷ ስትነግረኝ፣ ዓመት ሊሆነው ነው። አባትየው ንብ ለማባረር ያነደደው ችቦ ከዛፍ ላይ ወድቆ የልጅቷን ቀሚስ አያያዘው። በማርና በቅቤ አከሟት፤ ቁስሉ ዳነ፤ እጁ ግን በተኛበት ደረቷ ላይ ቀረ። እናትየው ይህን ስትነግረኝ አባትየው ፊቱን አዙሮ ቅሎቹን ያስተካክል ጀመር፤ የተስተካከሉትን እንደገና።

«ይፈታል» አለ ሐኪሙ። «አሁን ከሆነ ይፈታል። ስታድግ ግን አጥንቱም እንዲሁ ይቀራል።»

ከዚያ የነገረኝን አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። የባሮ ወንዝ ሊሞላ ነው፤ የመጀመሪያው መርከብ ጋምቤላ ሲደርስ እሱ አገሩ ይገባል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ ዐሥር ቀን ራሱ ሊያያት ስለሚፈልግ ከማክሰኞ ማለፍ አይቻልም። ለድካሙ ምንም አይጠይቅም። የማደንዘዣው መድኃኒት ግን አልቆበታል፤ ጎሬ ካለው የግሪክ ሱቅ ይገዛል። እናትና ልጅም ሁለት ወር ያህል ጎሬ መቀመጥ አለባቸው። ሁሉም ተደምሮ ሠላሳ ብር ይሆናል።

ማር ቆራጩ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ሠላሳ ብር ቢኖረኝ ዛፍ ላይ ምን እሠራለሁ?»

«እኛ ስንሞት በአንድ እጅ ማን ያኖራታል?» አለች እናትየው፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

ልጅቷ ነጠላዬን ጎተተችኝ። «እትዬ፣ እጄ ሲፈታ ዛፍ መውጣት እችል እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁላት። ሐኪሙ «ትችላለሽ፣ ግን እኔ አገሬ ከገባሁ በኋላ ውጪ» አለ። ይህንንም ተረጎምኩላት። በጣም ደስ አላት፤ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ብዙ የሚያስብ ሰው አይደለም፤ መልሱ ሁልጊዜ ከአፉ ጫፍ ላይ ነው። «ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሚና ተናገሪ። የመቱ ሰው አይጨክንም።»

«አንተ ተናገርልኝ፣ አባባ።»

«እኔ ቀራጭ ነኝ። ስለ ብር አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ ቀረጥ ይመስለዋል። የሰማሽው አንቺ፣ የምትናገሪው አንቺ።»

ሞከርኩ። ጓዳ ገብቼ ለጋኖቹ ተናገርኩ። «ወገኖቼ ሆይ» አልኩ፤ ለጋኖቹ እንኳ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ስለዚህ ነጠላዬን ደርቤ በጓሮ በር ወጣሁና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለችው ወደ ቀንድ ነፊው ጎጆ ሄድኩ። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ቀንድ ነፊው የቀድሞ ወታደር ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ደረቱ እንደ በርሜል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ጉብታው ላይ ወጥቶ ቀንዱን የሚነፋ እሱ ነው። የቀንዱን አፍ ሰው ወደሞተበት ሰፈር ያዞረዋል፤ ድምፁን የሰማ የማዶው ሰፈር ለቀጣዩ ያስተላልፋል፤ እንዲህ እያለ ዜናው ኖፓና ቡሬ ሳይቀር ይደርሳል። ደጀ ሰላም ላይ እንድናገር የታዘዝኩትን ጽፌ ወስጄለት ነበር። ማንበብ ስለማይችል ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ በቃሉ ያዘው።

«ቃሉስ መልካም ነው» አለኝ ጢሙን እየዳበሰ። «ግን ልጄ፣ ቀንዴ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።»

«ቀንዱ ሰውን ለመጥራት ብቻ ነው፣ አባቴ። ከዚያ ቃሉን ይሰማሉ።»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ። ይህች ቃል ስንት ሰው አሳስታለች! እኔንም አኮራችኝና በደስታ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እሑድ ንጋት ላይ ቀንዱ ሲነፋ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ ነፋ። ቃሉንም እንደተናገረ በኋላ ምሎልኛል። ነገር ግን ቃሉ ከጉብታው ሥር ካሉት ጎጆዎች አላለፈም፤ የቀንዱ ድምፅ ብቻ ሸለቆውን ተሻግሮ ሄደ። የቀንዱ አፍ ደግሞ፣ ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነውና፣ በቀጥታ ወደ ማር ቆራጩ ሰፈር ዞሮ ነበር። በዚያ ሰፈር ትናንት በፈረንጅ ሐኪም የታየች ልጅ እንዳለች ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል። ሰው ሁለቱን ደምሮ ጨረሰው።

ከቅዳሴ ስወጣ በያዮ መንገድ የሚጎርፈውን ሕዝብ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ ዘንግ ይዘዋል፤ ሴቶች ንፍሮ በቅርጫት፣ ወንዶች ቡና በስልቻ፣ ሰምና ማር፣ አሞሌ ጨውም ተሸክመዋል። አባቴ ጎኔ ቆሞ መንገዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ምን አደረግሽ?»

ነገርኩት። አባቴ ሳቁን ለመዋጥ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። «እንግዲህ ሩጪ» አለኝ። «ከመቀበሯ በፊት ድረሺ።»

ሮጥኩ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ግን ለቅሶ የሚሄድ ሰው ከሚሮጥ ሰው ይፈጥናል መሰለኝ፣ ስደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር።

ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። እናትየው ቤቷን ስትጠርግ ነበርና መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች፤ ደረቱን የሚደቃ ሕዝብ ወደ እሷ ሲመጣ አየች። የሞተው ሩቅ አገር ያለ ወንድሟ መሰላት። «ማን ሞተብኝ? እናንተ ሰዎች፣ ማን ሞተብኝ?» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ደግሞ በሐዘን አእምሮዋ የታወከ መስሎት ይባስ አለቀሰ። እሷ አንዷን አቅፋ «ንገሪኝ» ስትል፣ ሴትየዋ «ምን እነግርሻለሁ፣ እህቴ፣ አንቺው የምታውቂውን!» ትላለች። እሷ ስታለቅስ እነሱ ይብሳሉ፤ እነሱ ሲብሱ እሷ መሬት ትንከባለላለች። አባትየውም ከጫካ እየሮጠ ደርሶ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከወንዶቹ መሐል ገብቶ ማልቀስ ጀመረ።

የመቱዋ አልቃሽ ከመሐል ቆማለች። ጠጅ የምትጥል፣ ድምፅዋ የሚያስተጋባ ትልቅ ሴት ናት። እጇን ዘርግታ እንዲህ አለች፦

«ማር ቆራጭ አባትሽ ከዛፍ ሳይወርድልሽ፣
ማሩን ሳትቀምሺው ምነው መሄድሽ?»

«ማሩንማ ቀምሻለሁ!» አለ አንድ ድምፅ ከጎጆው በር።

ልጅቷ ነበረች። በግራ እጇ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ፣ ጉንጯ ሞልቶ ቆማለች። ዓይኗን በሰው ሁሉ ላይ አዟዟረች። «ማን ሞተ?» አለች።

 አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ በኦሮምኛ «ሂን ዱኔ!» አለች፤ አልሞተችም! ቃሉ እየተቀባበለ ከበሩ እስከ አጥሩ ደረሰ፤ «ሂን ዱኔ፣ ሂን ዱኔ!» እናትየው ከመሬት ተነስታ ልጇን አየቻት፤ ሄዳም መጀመሪያ መታቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት።

በዚህ መሐል ሦስት ጎረምሶች አፈር በአፈር ሆነው፣ ዶማ በትከሻቸው አድርገው ደረሱ። ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቆፍረው መምጣታቸው ነው። ልጅቷን ሲያዩ አንደኛው ዶማውን ጣለ።

«ታዲያ ያንን ሁሉ ጉድጓድ ማን ሊገባበት ነው?»

«እኔ አልገባም» አለች ልጅቷ።

ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቁጣው መጣ፤ ማን አስነፋ? ማን አላገጠብን? ቀንድ ነፊው ከኋላ ቆሞ ነበር፤ በጣቱ እኔን አመለከተ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ወደ እኔ ዞረ። ጫማዬ በእጄ እንዳለ ቆሜያለሁ። ጫማዬን ለመልበስ ጎንበስ አልኩ።

አልቃሿ መጣችና ፊቴ ቆመች። «አንቺ የጸሐፊው ልጅ፣ እኔ እኮ ለቆመ ሰው አልቅሼ አላውቅም! ተሳለቅሽብኝ?»

«እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ሐኪሙ እጇን ሊፈታላት ይችላል።»

«ምን?»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ለአንድ ሰው መናገር እችላለሁ፤ ለአንድ ጆሮማ ይቀለኛል። መርከቡን፣ ማክሰኞን፣ መድኃኒቱን፣ ጎሬ የሚቀመጡበትን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ጥቂት ከሰማች በኋላ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያንኑ የልቅሶ ዜማ ሳትለቅ ያልኳትን ማውጣት ጀመረች። እኔ አንሾካሹካለሁ፤ እሷ ታዜማለች፤ ሕዝቡም እንደለመደው «ወየው» እያለ ይቀበላል። ልጅቷን ጎትታ መሐል አቆመችና ነጠላዋን ገለጠች። የተጣበቀውን እጅ ሁሉም አየው።

«እንባችን ይቅር፣ እንባ አይፈታም እጅ፤
ሐኪሙ ሳይወርድ፣ እናድርስ ይህችን ልጅ!»

ይህችኛዋ ከእኔ አይደለችም፤ የራሷ ናት።

 እያንዳንዱ ሰው ስልቻውን ይመለከታል። ንዴቱ እንዳልበረደላቸው ከአንዳንዶቹ ፊት ይነበባል፤ አንድ ሰውዬ ቡናውን አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ዘንጉን መሬት ላይ መታ።

«አስቀምጥ!» አለው። «ለልቅሶ ከቤት የወጣ ወደ ቤት አይመለስም። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያሉን። የለቅሶ ስልቻ ይዞ የተመለሰ ሞትን ይዞ ይገባል። እኔ ሞትን ቤቴ አላስገባም፤ አንተ ከፈለግህ ሂድ።»

ሰውየው ስልቻውን ከትከሻው የጣለበትን ፍጥነት ብታዩ! «እኔ እኮ ላሸጋግረው ብዬ ነው» አለ። እንደገና ሳቅ ሆነ። ከዚያማ ሁሉም ያመጣውን ከልጅቷ ፊት ይከምር ጀመር። ለለቅሶው የመጣ አንድ የመቱ ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን እዚያው በእግሩ ቆሞ ገዛ። ሊከራከር ሲል አልቃሿ «በቁምህ ላልቅስልህ?» አለችው፤ ዋጋውን ጨመረ። ሠላሳው ሞልቶ አለፈ።

ንፍሮው ተበላ። ለሐዘን የተቀቀለ ንፍሮ እንደዚያ ቀን ሲጣፍጥ አላውቅም። ልጅቷ በየተራ እየዞረች «አንተ አለቀስክልኝ? አንቺስ?» እያለች ትጠይቅ ነበር፤ አላለቀስኩም ያለውን ትቆጣዋለች። አባቷ ግን ከአጥሩ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ነበር። አልቃሿ ሄዳ ጎኑ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ሲነሳ ፊቱ በእንባ ታጥቧል።

ሰኞ ጠዋት ጎረምሶቹ ለሬሳው ብለው ያበጁትን ቃሬዛ ይዘው መጡ። «እንጨቱም ከቤት ወጥቷል፤ አይመለስም» አሉ። እናትየው ልጄን በሬሳ ቃሬዛ አላስጭናትም ብላ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀድማ ዘላ ወጣችበት። አልተኛም ብላ ቁጭ አለች። ወደ ጎሬ በተራ በተራ ተሸከሟት፤ በየሰፈሩ አጥር ላይ ለቆመው ሁሉ በግራ እጇ ሰላምታ ትሰጣለች፤ የሬሳ ቃሬዛ መስሏቸው ከአጥር የተነሱ ሰዎች ሰላምታ ሲያገኙ ያሳዩትን ድንጋጤ እያየሁ መንገዱን ሙሉ ስስቅ ሄድኩ። እኔ በመንገድ ላይ በሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ ሐኪሙ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ብሎ ከክፍሉ አስገባኝ። መድኃኒቱን ስታሸት ቁጠሪ አልኳት። «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ» እያለች በኦሮምኛ ቆጠረች፤ ሰባት ላይ ምላሷ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ግራ እጇን ይዣለሁ። ሐኪሙ የተጣበቀውን ቆዳ ለቀቀው፤ ከጭኗ ስስ ቆዳ ወስዶ ባዶውን ሸፈነበት፤ እጇን ከትከሻዋ አንስቶ ከሳንቃ ጋር ዘርግቶ አሰረው። ሲጨርስ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክቶ «ሞቀዋል፤ ደም ይደርሳቸዋል» አለኝ። ወጥቼ ለእናቷና ለአባቷ፣ ጣቶቿ ሞቀዋል አልኳቸው። 

ስትነቃ መሽቷል። ግራ እጇን ወደ ደረቷ ወስዳ ዳበሰች። አሁንም ዳበሰች። «እጄ የት ሄደ?» አለች።

እናቷ ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረችላት። ልጅቷ በሳንቃው ላይ የተዘረጋውን እጇን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ምን ያህል ይርቃል!» አለች፤ ደግሞ ተኛች።

በነጋታው ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። በግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ብዙ በሽተኞች አሉ። በአቀበቱ አንድ ሽማግሌ ሲመጡ አየሁ፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ሌላው የማር ቅል ይዟል፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ገመትኩ። የእናትየው አጎት ናቸው፤ ኖፓ ላይ ወሬው ዘግይቶ ደርሷቸው፣ ማር ቆራጩ ቤት ሲደርሱ ሰው አላገኙም፤ አንዲት ጎረቤት «በቃሬዛ ወደ ጎሬ ወሰዷት» ብላቸዋለች። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ሊጀምሩ ነው። ልጅቷ ተኝታለች፤ እናቷም ገና አሁን ዓይኗን ከድናለች።

«አያልቅሱ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ አያልቅሱ! ጅርቲ! በሕይወት አለች! እጇም ተፈታ!»

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፄ ከማዶው ቤት ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት፤ ይሄን ያህል ወፍራም አይመስለኝም ነበር። በሽተኞቹ እልል አሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ የማያውቁት።

ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። «አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ ያለቀስኩት ለማን ነው?»

«ለእሷው ነው፣ አባባ። ሁላችንም አልቅሰንላታል።»

 «ይሁን እንግዲህ፤ ለእኔ ይቁጠርልኝ» አሉና ማሩን አቀበሉኝ። በረንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። እግራቸው በጭቃና በእሾህ ተሸፍኗል። ውሃ ለብ አድርጌ በገበቴ አመጣሁ፤ ተንበርክኬም እግራቸውን አጠብኩ።